ሸጌን ጾም ያስፈታሁ ለታ

ለውሻ የበዓል ምግብ ይሰጣል ወይስ አይሰጥም? ይህን ጥያቄ እስካሁን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ሰው ያልጠየቀኝን መመለስ ግን የቆየ ሙያዬ ነው፤ አስተማሪ ነበርኩ። ስለዚህ ሳትጠይቁኝ ልንገራችሁ፦ አይሰጥም። ቁራሽ ዳቦ ብትጥሉለት ግድ የለም። ዶሮ ወጥ ግን ከነእንቁላሉ፣ ከነአጥንቱ፣ ከነቁሌቱ አይሰጥም። ለምን ካላችሁኝ ነገሩ ትንሽ ይረዝማል፤ ከመርሳ ተነሥቶ ወልድያ ይገባል፤ መሀሉ ላይም ጠመንጃ አለበት።

ዘመኑ የደርግ ነው። መርሳ ተመድቤ አስተምራለሁ። አገሬ ሩቅ፣ ኪሴ ቀጭን፣ ራሴም ወንደላጤ ስለነበርኩ በዓል በመጣ ቁጥር የትም አልሄድም። የምኖረው እትዬ ጥሩነሽ ግቢ ውስጥ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ነው። እትዬ ጥሩነሽ ባላቸው የሞቱባቸው፣ አንድ ልጅ ብቻ ያላቸው ሴት ናቸው። ያ አንድ ልጅ፣ ጌታሁን፣ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ነው ያለው። አልፎ አልፎ ከዚያ የመጣ ሰው "ደኅና ነው፣ አይቼዋለሁ" ይላቸዋል፤ እሱኑ እየደጋገሙ ለራሳቸው ሲያወሩት ይሰነብታሉ። ሲሄድ ለእናቱ ትቶ የሄደው ነገር ቢኖር ቡላ ውሻውን ነው። ሸጌ ይባላል።

"ሸጌ ደኅና ከሆነ ጌታሁኔም ደኅና ነው" ይላሉ እትዬ። በቀልድ መስሏችሁ እንዳትስቁ። ሸጌ አንድ ቀን እሾህ ወግቶት ቢያነክስ እሳቸው ስለት ይሳላሉ። ሸጌ ሲያስነጥስ እሳቸው ያማትባሉ። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው እንግዲህ ያደረግሁትን ያደረግሁት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት እንዲህ ነው።

የዚያን ዓመት ፋሲካ እትዬ ወልድያ፣ ገብርኤል አጠገብ ወደምትኖረው እኅታቸው ዘንድ ለመዋል ቅዳሜ ጧት ተነሡ። ለእኔ ዶሮ ወጥ ሠርተው ድስቱን ከነክዳኑ አስቀመጡልኝና በር ላይ ቆሙ።

"አንተ ልጅ፣ ለሸጌ ከበዓሉ እንዳትሰጠው። ሆዱ ስስ ነው። ቂጣ ጋግሬለታለሁ፤ በውሃ እያራስህ ስጠው።"

"እሺ እትዬ።"

"እሺ ብቻ አትበለኝ። ሰምተኸኛል?"

"ኧረ ሰምቻለሁ!"

መስማትማ ሰምቻለሁ።

በማግስቱ፣ በፋሲካ ጧት፣ ድስቱን ከፈትኩ። መጀመሪያ ግን ተልባዬን ጠጣሁ። መቼም ታውቃላችሁ፣ ያን ሁሉ ቀን ደርቆ የከረመ አንጀት ላይ ቅቤና በርበሬ ዝም ብሎ አይወርድም፤ ተልባ ይቀድማል፣ ሆድ ያለሰልሳል። ተልባዬን ስጨርስ ቀና ብል ሸጌ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ያየኛል። ደኅና አድርጎ ያየኛል። የበይ ተመልካች ሆኖ።

በዚያ ሰሞን የውይይት ክበብ ላይ ስለ ጭቁኖች ስንወያይ ነበር የከረምነው። እኔ ሁልጊዜ ከኋላ ተቀምጬ አንቀላፋለሁ። ያን ዕለት ጧት ግን፣ ድስቱ ፊት፣ የከረመው ትምህርት ሁሉ ባንድ ጊዜ ገባኝ። ይህ ውሻ ሁዳዴን ሙሉ ጾሟል! እትዬ ጥሩነሽ ግቢ በጾም ወራት እንኳን ሥጋ የሥጋ ወሬም አይገባም፤ ሸጌ ያን ሁሉ ጊዜ በሽሮ የራሰ እንጀራ ነው የበላው። ከእኔ ጋር እኩል ጾሞ፣ እኔ ስገድፍ እሱ ደረቅ ቂጣ? ይህ የየትኛው ሥርዓት ፍርድ ነው? እንዲያ ብዬ በራሴ ንግግር ራሴ ተነክቼ እንባዬ ሊመጣ ደረሰ።

ቢሆንም ኃላፊነት የሚሰማኝ ሰው ነኝ። ደረቅ አንጀት ላይ ወጥ አልሰጠሁትም። መጀመሪያ ተልባ በጠበጥኩለት።

ሸጌ ተልባውን እስከ ዕቃው ቂጥ ላሰው። ቀጥሎ በወጡ መረቅ እንጀራ አራስኩለት፤ መረቅ መቼም ወጥ አይባልም። ቀጥሎ አንድ እንቁላል ሰጠሁት፤ ባንድ እንቁላል ማን ሞተ? ሳያኝክ ዋጠው። ያልታኘከ እንቁላል ደግሞ እንደተበላ አይቆጠርም ብዬ ሌላ ጨመርኩለት። አጥንቱን ጥርስ ያለው ይብላው ብዬ ሰጠሁት። ጠላ ግን አልሰጠሁትም። ይህን እንድትመዘግቡልኝ እፈልጋለሁ።

ረፋድ ላይ ሸጌ ግቢው ውስጥ ካለችው ብርቱካን ሥር ሄዶ ተዘረረ። ሆዱ ተነፍቷል። ብጠራው ጆሮውን እንኳ አላነሣም። ውሃ ባቀርብለት ፊቱን አዞረ። ትንሽ ቆይቶ ማቃሰት ጀመረ፤ ማቃሰቱ የሰው ማቃሰት ነው እኮ! ያን ጊዜ ዓይኔ ፊት የመጡት እትዬ ጥሩነሽ ናቸው፤ በሩን ከፍተው ሲገቡ፣ "ሸጌ!" ብለው ሲጣሩ፣ ዝም ሲል። ልጃቸው ከጦር ሜዳ ሳይመጣ ውሻው በዶሮ ወጥ አለቀ ብዬ እንዴት አድርጌ ልነግራቸው ነው? ፈራሁ።

መርሳ ያን ጊዜ የከብት ሐኪም የለም፤ ወልድያ ግን አለ። በፋሲካ ቀን ሐኪሙ የት ይገኛል ብሎ ማሰብ የብልህ ሰው ፋንታ ነው፤ እኔ ሸጌን በአዲሱ ነጭ ጋቢዬ ጠቅልዬ፣ ትከሻዬ ላይ አድርጌ፣ መንገድ ዳር ወጣሁ። ከደሴ የሚመጣ አውቶቡስ ስደርስ ደረሰ። ረዳቱ ጋቢውን አየና "ምንድነው?" አለኝ።

"ታማሚ ነው።"

ይኸው ነው ያልኩት። ልጅ ነው አላልኩም። ውሻ ነውም አላልኩም። ረዳቱ ግን "ኧረ አሳልፉት፣ የታመመ ልጅ ይዟል!" ብሎ ጮኸ። ሰው ሁሉ ተነሣልኝ፤ ቦታ ለቀቀልኝ። ክርስቲያኑ በየቤቱ ዶሮው ላይ ስለሆነ ተሳፋሪው አብዛኛው እስላም ነው። ከጎኔ ዘሀራ የምትባል የጨርቅ ነጋዴ ተቀምጣለች፤ ከፊቴ ደግሞ ሼህ ይማም የሚባሉ ነጭ ጢም ያላቸው ሽማግሌ አሉ። ወልድያ የሚሄዱት አንድ ክርስቲያን ወዳጃቸውን "እንኳን አደረሰህ" ሊሉ ነው፤ የማር ቅላቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠዋል። እንዲህ ያሉ ደጋግ ሰዎች መሀል ነው የገባሁት።

"ምን ነካው ወንድሜ?" አለችኝ ዘሀራ።

"ሆዱን ነው።"

"ስንት ዓመቱ ነው?"

"ሦስት አልፎታል።"

"ስሙስ?"

"ሸጌ።"

"ሸጋ ስም! ምናልባት ጥርስ ሊያበቅል ይሆናላ። ጥርሱ መጥቷል?"

"ኧረ ሁሉም መጥቷል!"

"ሁሉም?" ብላ ትንሽ አየችኝ። "ይናገራል?"

"እስካሁን አልተናገረም።"

"ውይ! እናቱስ?"

ይህን ጊዜ እትዬ ጥሩነሽ ትዝ አሉኝና "ወልድያ ናቸው" አልኩ። ዘሀራ ስለ ሚስቴ በአንቱታ ስናገር ጊዜ "አክባሪ ነህ፣ አላህ ያክብርህ" ብላ እንባዋን ጠረገች። አውቶቡሱ ሁሉ አዘነልኝ። ሼህ ይማም ወደ እኔ ዞሩ፤ እጃቸውን በጋቢው ላይ፣ ልክ በሸጌ ግንባር ላይ አሳረፉ።

"ያ ረቢ፣ ይህን ምስኪን ነፍስ አሽረው! ለወላጆቹ አትርፈው!"

"አሚን!" አለ አውቶቡሱ።

"ሸር ያየበትን ዓይን አርቅለት!"

"አሚን!"

እኔም "አሚን" አልኩ። ሹፌሩ "አሚን" ብሎ ነዳጅ ረገጠ። ተው ልበላቸው፣ ውሻ ነው ልበላቸው ብዬ አፌን ስከፍት ሌላ "አሚን" ይቀድመኛል። እውነት ለመናገር ትክክለኛው ጊዜ ገና ስሳፈር ነበር፤ አሁን አልፏል። በየጉድጓዱ ስንዘል ሸጌ ሆዱ ውስጥ አንድ ነገር ሲንቦጫረቅ በክንዴ ይሰማኛል።

ሲሪንቃን አልፈን ጥቂት እንደሄድን ኬላ አስቆመን። በፋሲካ ቀን ኬላ የተመደበ ሰው ከማንም ጋር ሰላም የለውም። ጠባቂው ወጣት ነው፤ ጠመንጃውን አንግቶ፣ ፊቱን አኮሳትሮ "ሁላችሁም ውረዱ!" አለ።

"የታመመ ልጅ አለ!" አለ አውቶቡሱ ባንድ ድምፅ።

ገባና ፊቴ ቆመ። "ግለጠው።"

"ብርድ ይመታዋል" አልኩ።

"ብርድ ይመታዋል እያለህ!" አለች ዘሀራ። "አንተ ልጅ አልወለድክም?"

እነሱ በተከላከሉልኝ ቁጥር ሰውየው ኮንትሮባንድ ነው ብሎ ይበልጥ ጠረጠረ። ጋቢውን ያዝ አድርጎ ሳበው። ሸጌ ብቅ አለ። ጆሮው፣ አፍንጫው፣ ምላሱ፤ ምንም የሚያሻማ ነገር የለም።

ከኋላ አንድ ሰው ቀስ ብሎ "ሱብሐነላህ" አለ። ዘሀራ ብድግ ብላ "ጥርሱ ሁሉም መጥቷል ያልከውስ እውነትህን ነው!" አለችኝ።

እሱ ባልከፋ፤ ግን ጠባቂው የሸጌን አፍ አየ። በአፉ ዙሪያ የሚዝለገለግ ነጭ ነገር ተንጠልጥሏል።

"እብድ ውሻ ነው! አረፋ ደፍቋል! አውርደው!"

"አረፋ አይደለም፣ ተልባ ነው!"

"የምን ተልባ?"

"ከጾም ሲወጣ የጠጣው።"

"ማን?"

"ውሻው።"

እንዲህ ያለ መልስ ጠመንጃ ለያዘ ሰው አይመለስም። እኔንም እሱንም አስወረደን። ሸጌን መንገዱ ዳር አስተኛሁት። ጠባቂው ወደኋላ ፈቀቅ ብሎ ጠመንጃውን አቀባበለ። "ዘወር በል!" አለኝ። እግሬ ግን አልንቀሳቀስ አለ። ጀግና ሆኜ እንዳይመስላችሁ፤ ወደ መርሳ ብቻዬን ከመመለስ እዚያው መቅረት ቀለለኝ። "የእኔ አይደለም" አልኩት። "ጌታው እንዳንተ ወታደር ነው። ጦር ሜዳ ነው ያለው። እናቱ ይህን ውሻ እያዩ ነው የሚጽናኑት። ያበላሁት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው!"

ሼህ ይማም ከዘራቸውን ይዘው ወረዱ። በእኔና በጠመንጃው መሀል ገቡና ጠባቂውን "ተው ልጄ" አሉት። "ቅድም ቢሆን ውሻ ነው፣ የምታደርገውን ታውቃለህ። አሁን ግን ዱዓ ተደርጎለታል። አውቶቡስ ሙሉ ሰው አሚን ብሎለታል። እኛ አሽረው ብለን ለምነን እጃችን ሳይወርድ አንተ ብትገድለው፣ ማንን ነው የምታሳፍረው?"

ልክ ያን ጊዜ ሸጌ ተነሣ። አንገቱን ዘረጋ፣ ሆዱን ሰበሰበ፣ ከዚያ ሁሉንም መለሰው። ተልባው ወጣ፣ እንጀራው ወጣ፣ አጥንቱ ወጣ፤ በመጨረሻም እንቁላሎቹ ድፍን እንደሆኑ እየተንከባለሉ የጠባቂው ጫማ ሥር ቆሙ። ሸጌ ራሱን አራገፈ። ጭራውን ወዘወዘና ወደ ቦዩ ወርዶ ውሃውን ላፍ ላፍ ያደርግ ጀመር።

"ውሃ ጠጣ!" ብላ እልል አለች ዘሀራ ከመስኮት። "እብድ ውሻ ውሃ አይጠጣም! ዱዓው ደረሰ!"

ጠባቂው ግን ውሻውን አያይም። የሚያየው እንቁላሎቹን ነው። "ዶሮ ነው ያበላኸው?" አለኝ፤ ድምፁ ተለወጠ። "እኔ ከሌሊት ጀምሮ ኮቾሮ እየቆረጠምኩ፣ በፋሲካ ቀን፣ ለውሻ… ሁለት እንቁላል?" ጠመንጃውን አነገተና "ሂዱ! ሂዱልኝ!" ብሎ ፊቱን አዞረ። ያን ዕለት ከገጠመኝ ሁሉ የዚያ ልጅ ፊት ነው አሁንም የሚያሳዝነኝ።

አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ዘሀራ "እናቱ ወልድያ ናቸው!" ብላ ስትፈነዳ ሁሉም አብሮ ፈነዳ። ሼህ ይማም ሸጌን የዳሰሱበትን እጃቸውን ከልብሳቸው አርቀው ይዘው ነበር። "ይቅርታ አባቴ" አልኳቸው።

"እኔስ ወልድያ ስደርስ ሰባት ጊዜ ታጥቤ እጠራለሁ" አሉኝ። "አንተ ስንት ጊዜ ብትታጠብ ነው ከዚህ ሞኝነት የምትጠራው?"

ወልድያ ደረስን። ሐኪም አያስፈልግም፤ ሸጌ ከእኔ ይልቅ ደኅና ነው። ወደ መርሳ የሚመለስ መኪና ግን ቢገኝ ነገ ነው። ከተማው ውስጥ የማውቀው ቤት አንድ ብቻ፤ ያም በሕይወቴ ልደርስበት የማልፈልገው ቤት ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ ሸጌን በገመድ ይዤ ወደ ገብርኤል ወጣሁ።

የግቢውን በር ገፋ ሳደርግ እትዬ ጥሩነሽ ደጅ ላይ ቆመው ከእንግዶች ጋር ይሳሳቃሉ። መጀመሪያ እኔን አዩ። ቀጥለው ሸጌን አዩ። ነጠላቸው ከትከሻቸው ወደቀ።

"ልጄን!" አሉ።

የሞኝነቴ መጠን ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እስቲ አስቡት፤ በዓመት በዓል፣ ሳይጠራ፣ አቧራ ለብሶ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ የወታደር ልጅህን ውሻ ይዞ በር ላይ የሚቆም ሰው ምን ይዞ ይመጣል? መርዶ ነው። እኅታቸው ከውስጥ "ወይኔ ጌታሁን!" እያለች ወጣች፤ ሴቶቹ ደረታቸውን ያዙ፤ እትዬ መሬት ቁጭ አሉ። አንድ ነገር፣ ማንኛውንም ነገር፣ ቶሎ መናገር ነበረብኝ።

"ናፍቀውት ነው!" ብዬ ጮኽኩ።

"ማን?"

"ሸጌ! እርስዎን ናፍቆ! ምግብ አልበላም ብሎኝ፣ እንቢ ሲለኝ፣ ይዤው መጣሁ! ስለ ጌታሁን ምንም የሰማሁት የለም፣ በገብርኤል ይዤዎታለሁ!"

ምግብ አልበላም ብሎኝ። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ።

እትዬ ትንሽ አዩኝ። ከዚያ ሸጌን አንገቱን አቅፈው ያለቅሱም ይስቁም ጀመር። "እንዲህ ነዋ! የልጄ ውሻ! ሰው የማያደርገውን! ይምጣልኝ እንጂ እነግረዋለሁ፣ ውሻህ እኔ ናፍቄው ወልድያ ድረስ መጣ እለዋለሁ!" ይላሉ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እጄን አስታጥበው ዶሮ አቀረቡልኝ። አልዋጥልኝ አለ ብላችሁ ያምርብኝ ነበር፤ ግን ርቦኝ ስለነበር በላሁ። እሳቸው ለእኅታቸው "ለሸጌ ከበዓሉ እንዳትሰጡት፣ ሆዱ ስስ ነው፤ መምህሩን ጠይቁት" ይላሉ። እኔ አንገቴን ደፍቼ እጎርሳለሁ።

ውሸት ቀለብ ይፈልጋል። ከዚያ ወዲህ እትዬ ለበዓል ወልድያ በሄዱ ቁጥር "ሸጌን አምጣልኝ፣ ይናፍቀኛል" ይሉኛል። በመስቀልም በገናም ውሻ ይዤ መንገድ ዳር የምቆመው እኔ ነኝ። ረዳቶቹ ከሩቅ አይተውኝ "መምህር፣ ልጁን አሻለው?" ይሉኛል።

ጌታሁን በሕይወት መጣ። ይህን ስጽፍ አሁንም ደስ ይለኛል፤ ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ ግን በሁለት እግሩ መጣ። ግቢው በሰው ሞላ። እትዬ አንገቱን ስመው ሳይጠግቡ፣ ውሃ እንኳ ሳያጠጡት፣ የሸጌን ነገር ጀመሩለት፤ እንዴት እንደናፈቁት፣ እንዴት እህል አልቀምስም እንዳለ፣ መምህሩ እንዴት አቅፎ ወልድያ እንዳደረሰላቸው። ጌታሁን ሸጌን ሆዱን እያሻሸ ሰማ። ሸጌን አየ። እኔን አየ። እናቱ ጠላ ሊቀዱ ሲገቡ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

"ዶሮ ነው?"

"ዶሮ ነው" አልኩ። "ከነእንቁላሉ።"

ራሱን ነቀነቀ።

"አንተስ መኪና አግኝተሃል" አለኝ። "እኔ ዶሮ ያበላሁት ለታ ወልድያ ድረስ በእግሬ ነው የተሸከምኩት።"